ሬጂና የበላችው ካፒቴን

ሰውየው የሞተው መርከብ ውስጥ ነው! ቆቦ ላይ! እናንተዬ፣ ቆቦ እኮ ነው የምላችሁ፤ ዙሪያዋን ማሽላ ብቻ የሆነች፣ ባሕር የሚባል ነገር በሕልሟ እንኳ አይታ የማታውቅ ቆቦ። ካፒቴን ካሳ በመርከብ በር ተዘግቶ፣ በመርከብ መስኮት ሥር ተጋድሞ፣ ቁስል የለው ጭረት የለው፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ ቀልቶ ሞቶ ተገኘ። የገደለውም ቅናት ነው። ይቺን አስቀድሜ ካልተነፈስኳት ሆዴ ይፈነዳል። የማን ቅናት እንደሆነ ግን ምላሴን ነክሼ እይዘዋለሁ፤ ያን ሰሞን ቆቦ ላይ ያልቀና ሰው አልነበረማ!

በመጀመሪያ የቀናችው ሚስቱ ጥሩወርቅ ናት። በተጋቡ በሳምንቱ ባሏ በእንቅልፍ ልቡ «ሬጂና... ሬጂናዬ...» ሲል ሰማችው።

«ማናት ሬጂና?» አለችው ጠዋት፣ ወገቧን ይዛ።

«ቆንጆ ናት» አላት ሳያፍር። «ነጭ ናት። ረጅም ናት። ዓለም ሁሉ ያውቃታል።»

ጥሩወርቅ ጓዟን ጠቅልላ ሮቢት እናቷ ቤት ልትገባ በሩ ላይ ስትደርስ ነው፣ መርከብ መሆኗን የነገራት። ትስቃለች ብሎ ነበር። አልሳቀችም። ሴት ብትሆን ይሻላት ነበር። ሴትን ፀጉሯን ይዘው ይጎትቷታል፤ መርከብን ምኗን ይዘው ይጎትቷታል?

ሬጂና በካሳ አፍ እንዲህ ነበረች፦ ሦስት የጭስ ማውጫ ያላት፣ ከቆቦ ገበያ የምትረዝም፣ ሆዷ ውስጥ የዳንስ አዳራሽና የመዋኛ ገንዳ የያዘች። ውሃ ላይ ሆና ውሃ ተሸክማ! የሀብታም ሚስቶችን ከነውሾቻቸው ከጣሊያን አገር አሜሪካ ስታመላልስ ጋዜጣው ሁሉ ፎቶዋን ያወጣ ነበር። ጦርነት ሲመጣ ግራጫ ቀቡና ቁስለኛ ጫኑባት። ጦርነቱ ሲያልቅ መልሰው ነጭ ቀቧት፤ ግን ቀለም ልጅነትን አይመልስም። ሀብታሞቹ በአውሮፕላን መሄድ ጀመሩ። እሷ ስደተኛና የመካ ሐጃጅ መጫን ያዘች። በመጨረሻ «አርጅተሻል» ተባለችና ኤደን አጠገብ አቁመው በእሳት ቆራረጧት፤ ዕቃዋም አሰብ ገበያ ወጣ።

ካሳ ከዚያ ለቃቅሞ በነጋዴው በታሂር የጭነት መኪና ወደ ራያ አመጣት። ትልቁ መስተዋቷ ዋጃ ፀጉር ቤት ገባ። የቀይ ከፋይ ወንበሯን ሮቢት አንድ ሽማግሌ ገዝቶ ችሎት ይቀመጥበታል። ደወሏ ግን ቆቦ፣ ካሳ በከፈተው ሆቴል ቀረ። ማታ ማታ ካሳ ሲደውለው ከደሴና ከአስመራ የሚመጡት ሾፌሮች ለእራት ይሰበሰባሉ፤ እሱም ይጀምራል፦ «እኔና ሬጂና አንድ ቀን ማዕበል መሐል...» የሾፌሮቹ ጉርሻ አፋቸው ላይ ይቀራል! ሆቴሉ መርከብ ሆቴል ተባለ፣ ባለቤቱም ካፒቴን ተባለ።

ጓሮ ደግሞ ካቢናውን ሠራ። የድንጋይና የሲሚንቶ ክፍል ነው። በሩ ጠርዙን በጎማ የተለበጠ የሬጂና የብረት በር፣ ከበሩ ጎን መስኮቱ በብሎን የሚጠብቅ ወፍራም ክብ መስተዋት፣ ጣራው ላይ ደግሞ እንደ ዝይ አንገት የታጠፈ የአየር ቧንቧ። ጥሩወርቅ «እዚያ ብረት ሆድ ውስጥ አልተኛም!» ብላ ትልቁ ቤት ታድራለች። እሱ ግን ማታ ማታ ለቢምቢ ከሰል ላይ የወይራ ቅጠል ጣል አድርጎ፣ በሩንም መስኮቱንም ግጥም አድርጎ፣ ከሬጂናው ጋር ይተኛል። ጭሱ በቧንቧው ይወጣል።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ማሽላው እሸት ይዞ ቢምቢው አገሩን ሲወርረው ነው የተጣሉት። ጥሩወርቅ ሾፌሮቹ ፊት «ወይ እኔ ወይ እሷ!» ብላ ጮኸች። ካሳም ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «እንግዲያው ከእሷ ጋር ልሙት!» አለና ወደ ካቢናው ሄደ።

ሞተ።

ጠዋት ቢጠራ ዝም። ቢንኳኳ ዝም። ታሂር የኑግ መውቀጫውን ዘነዘና አንስቶ ክቡን መስተዋት ሰበረው። ያን ጊዜ ጭሱ ቧ ብሎ ወጣ። ታሂር እጁን አስገብቶ ከውስጥ የተቆለፈውን በር ከፈተ፣ ከዚያ በኋላ ጥሩወርቅ የሰማችው የራሷን ጩኸት ብቻ ነው።

ቄስ ወልደ ሚካኤል መጡ። ሬሳውን አዩ፣ ከሰሉን አዩ፣ በሩን አዩ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

«ልጄ» አሏት ቀስ ብለው፣ «ከእሷ ጋር ልሙት ብሎ አገር እየሰማው የተናገረ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ በጭስ ታፍኖ የተገኘ ሰው... ራሱን ላጠፋ ፍታት የለውም። እኔ አይደለሁም የከለከልኩ።»

«ታዲያ የት ይቀበር አባቴ?»

ቄሱ ወደ ወንዙ ዳር አዩ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አላዩም። ጥሩወርቅ ገባት። ያን ቃል ከአፉ ያወጣችው እሷ አይደለች? ባሏ እንደ ውሻ ወንዝ ዳር ከተጣለ የጣለችው እሷ ናት። የቆቦ ሙቀት ደግሞ ሬሳ አያሳድርም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት አንድ ነገር ካልተገኘ አለቀ።

ያኔ ነው ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ይርጋ ጥንቅሹን እያኘከ የገባው።

ይርጋን ብታዩት አትወዱትም፤ እኔ ግን ሞቼለታለሁ! አጭር ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል፣ ከእጁ ጥንቅሽ አይጠፋም። ኮሪያ ዘምቶ ነው የተመለሰው። ስለ ውጊያው ጠይቁት፣ አይናገርም። ስለ መርከቡ ጠይቁት፣ «ከጅቡቲ እስከ ኮሪያ አስመለሰኝ፣ ስመለስም ከኮሪያ እስከ ጅቡቲ አስመለሰኝ፣ ሌላ ያየሁት የለም» ይላል። ያያል ግን። ዓይኑ የተኛ ሲመስል ነው የሚያይ።

ካቢናውን ዞረ። አመዱን በጣቱ ነካ። ከዚያ ጣራው ላይ ወጥቶ፣ በዚያ አጭር እግሩ እየተንጠራራ፣ ቧንቧው ውስጥ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ። ባዶ ነው። ሲወርድ ጣቱ ላይ ዝገት ነበር።

«እመቤቴ» አላት ጥሩወርቅን፣ «እስቲ አታልቅሺ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ይሄን ክብ መስኮት ማታ ማታ ይዘጋው ነበር?»

«ሁልጊዜ። ቢምቢ ይገባል ብሎ።»

«ከሰሉ እየነደደ?»

«አዎ።»

«ከሰሉን ትናንት አበዛው?»

«ያቀጣጠልኩለት እኔ ነኝ። ብጣላውም... ብጣላውም ቢምቢ ይብላው አልልም። እንደሁልጊዜው ነው ያደረግሁለት።»

ይርጋ ጥንቅሹን ማኘክ አቆመ። «ካፒቴን ነበር አላችሁ አይደል?»

«መርከብ ላይ ነው ጉርምስናውን የጨረሰ።»

«እእ» አለ ይርጋ። ሌላ አልጨመረም። ጥሩወርቅ ግን ያቺን «እእ» አልወደደቻትም።

እንግዶቹ ሁሉ ምግብ ቤቱ ውስጥ እንዲቆዩ አዘዘ። መጀመሪያ የጎረቤቷን የማሚቴን ቃል ተቀበለ። ማሚቴ ጠጅ ቤት አላት፤ አላት ሳይሆን ነበራት ማለት ይቀላል፤ መርከብ ሆቴል ከተከፈተ ወዲህ ዝንብ ብቻ ነው የሚገባው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ካሳ አሰብ ሳይወርድ በፊት እጮኛዋ ነበር። ጠበቀችው። ሲመለስ ጥሩወርቅን አገባ!

«ገድለሽዋል?» አላት ይርጋ፣ ሰላም እንደማለት።

«ብገድለው ኖሮ በሠርጉ ቀን ነበር!» አለች ማሚቴ፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ወርውራ። «ደግሞ ምኑ ይገደላል? እሷ ናት እንጂ» ጥሩወርቅን በአገጯ አመለከተቻት፣ «በብረት ቀንታ ያቃጠለችው! በብረት! እኔ እንኳ ወጉ ደርሶኝ በሰው ነው የቀናሁ!»

«አፍሽን ያዥ!» አለች ጥሩወርቅ።

«ይዤ ነው የኖርኩት እታለም፤ አንቺ ነሽ ባሌን የያዝሽው!»

«የማን ባል?»

«ሴቶች!» አለ ይርጋ። «ማሚቴ፣ አጥርሽ ከካቢናው ጋር ነው። ትናንት ምን ሰማሽ?»

«ምንም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ያ የሰይጣን ቧንቧ ነፋስ በነካው ቁጥር ጆሮዬ ሥር እንደ ጥሩምባ ነው የሚያጓራ፤ እንቅልፍ ያጣሁበት! ትናንት ግን ተመስገን ነው፣ ጭጭ አለ።»

«ነፋስ አልነበረማ።»

«ምን አልነበረም ይለኛል! ከዞብል ተራራ የመጣ ነፋስ ጣራዬን ሊነቅለው ነበር እኮ!»

ይርጋ ፈገግ አለ። ማሚቴ ምን እንዳስፈገገው ስላልገባት ተናደደች።

ቀጥሎ ታሂር መጣ። ካሳን ከአሰብ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ትናንት ማታ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ ሥሩ ነው ያደረው።

«ካሳ መርከቧ ላይ ሥራው ምን ነበር?»

ታሂር መቁጠሪያውን ማንከባለል ጀመረ። «እሱን የሟች አፍ ነው የሚናገረው።»

«የሟች አፍማ ተዘጋ።»

«የኔም ይዘጋ። የሰው ነገር አማና፣ አደራ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ስለ ሌሊቱ ጠይቀኝ፣ ወላሂ አልደብቅም።»

«እሺ፣ ስለ ሌሊቱ።»

«ተኛሁ። ለሱብሂ ሶላት ተነሳሁ። ውዱእ ላደርግ ወደ ውሃው በርሜል ስሄድ አያሌው የጠረጴዛ ልብስ ያጥባል። 'ሰው ሳይነሳ እጥበት?' አልኩት። 'ወጥ ፈስሶበት ነው' አለኝ። በቃ።»

«ስንት ጨርቅ ነበር የሚያጥበው?»

«አንድ።»

አያሌው የሆቴሉ አሳላፊ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የዋጃ ልጅ። ካሳ ራሱ ነው የቀጠረው። ሲሄድ እግሮቹን ፈርከክ ያደርጋል፤ ግን በአንድ እጁ አራት ሳህን ይዞ ጠብታ አያፈስም። ጥሩወርቅ ከሁሉ ሠራተኛ እሱን ትወደው ነበር፤ ባሏ ስለ ሬጂና ማውራት ሲጀምር ከእሷ ሌላ ፊቱን የሚያዞር እሱ ብቻ ነበራ።

አሁንም በሐዘን ቤት «በባዶ ሆድ ምርመራ አይሆንም ጌታዬ» ብሎ ለይርጋ ምስር ወጥ አቀረበለት። ሳህኑን ከማስቀመጡ በፊት በመዳፉ ውሃ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ረጨ፣ ዳበስ ዳበስ አደረገው፣ ከዚያ ሳህኑን አኖረ።

ይርጋ እጁን እርጥቡ ጨርቅ ላይ አሳረፈ።

«ምነው አራስከው?»

«ልማድ ነው። ለ... ለአቧራው።»

«ጥሩ ልማድ ነው። ባሕር አይተህ ታውቃለህ አያሌው?»

«ባሕር?» ሳቀ። «እኔን ጎሊና ወንዝ ሲሞላ እንኳ ያዞረኛል ጌታዬ።»

«እኔንም» አለ ይርጋ፣ እየበላ። «ተወኝ እሱን።» ከዚያ ለሽንት እንደሚወጣ ሰው ተነስቶ ወጣ። ጥሩወርቅ በመስኮት ስታየው ገመድ ላይ የተሰጡትን የጠረጴዛ ልብሶች አንድ በአንድ እያነሳ ያሸታል! ፖሊስ! ጨርቅ ሲያሸት! አንዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። አውርዶ አጥፎ ከብብቱ ሥር ከተተው።

የከሰዓቱ ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው፤ ቄሱንም፣ ሾፌሮቹንም፣ ጎረቤቱንም። በሩን አዘጋ።

«ይሄ እንደ አባቶቻችን አውጫጭ ነው» አለ። «እውነቱ ሳይወጣ ማንም አይወጣም። ሬሳው እየጠበቀን ስለሆነ አላስረዝምም። አባቴ፣ ካሳ ራሱን አልገደለም።»

ጥሩወርቅ አየር የሳበች ያን ጊዜ ነው።

«ቃሉን ሁላችንም ሰምተናል» አሉ ቄሱ።

«ቃልማ ባልና ሚስት ሲጣሉ ስንቱን ይላሉ! እኔ ያየሁትን ልንገርዎ። ካሳ ማታ ማታ ያው በር፣ ያው መስኮት፣ ያው ከሰል ነው። ጠዋት ይነሳል። ትናንት ምን ተለየ? ማሚቴ ትንገረን።»

«እኔ? እኔ ምን አልኩ?»

«ነፋሱ ጣራሽን ሊነቅል ሲደርስ ቧንቧው ዝም አለ አልሽ። ጥሩምባ ነፋስ እያለ ዝም የሚል አፉ ሲደፈን ነው። አንድ ሰው ቧንቧውን ደፈነው። ካሳ ደግሞ ውስጥ ተኝቶ ጣራ ላይ አይወጣም።»

«እኔ ሳየው ግን ቧንቧው ክፍት ነበር» አለ ከሾፌሮቹ አንዱ።

«እኔም ሳየው ክፍት ነው። ታዲያ ታሂር መስተዋቱን ሲሰብረው ያ ሁሉ ጭስ ቧ ያለው ለምንድን ነው? ቧንቧው ሌሊቱን ክፍት ቢሆን ጭሱ ገና ድሮ ወጥቶ ያልቅ አልነበረም? ስለዚህ የደፈነው ሰው ሊነጋጋ ሲል ተመልሶ ነቅሎታል።» ከብብቱ ጨርቁን አውጥቶ ዘረጋው። ነጩ ጨርቅ መሐል ላይ ክብ የዝገት ቀለበት ነበር፤ ልክ የቧንቧው አፍ የሚያህል። «ያሽትቱት አባቴ።»

ቄሱ ጎንበስ አሉ። «ወይራ» አሉ።

«ታጥቦም አልለቀቀውም። በእርጥብ ጨርቅ ነው የደፈነው፤ ደረቅማ ያስተነፍሳል።»

«አላልኳችሁም!» ማሚቴ ዘለለች። «ጨርቁ የማን ነው? የጥሩወርቅ! ከሰሉን ያቀጣጠለ ማን ነው? ጥሩወርቅ! በሉ ያዟት!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ከሰሉን አቀጣጥላለች፣ ጨርቁም የእሷ ነው፣ ቀንታለችም። እውነት ነው፤ ሁሉም እውነት ነው!

«ቆይ» አለ ይርጋ። «እመቤቴ፣ ከሰል ሰው ይገድላል ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«ቤት ሲያቃጥል ነዋ። እንጂ ዕድሜ ልካችንን ሙቀን የለ?»

«እሱን ነው የምለው። የኛ ቤት በሳር ክዳኑም በግድግዳውም ያስተነፍሳል፤ እዚህ አገር ቧንቧ ቢደፈን ሰው ይሞታል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ብረት ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ነው እንጂ። እኛን ኮሪያ ስንሄድ መርከበኞቹ መጀመሪያ ያስጠነቀቁን ይሄንኑ ነው፦ አየር ማስገቢያውን እንዳትነኩ፣ እሳት ይዛችሁ እንዳትገቡ። ታዲያ ከዚህ ግቢ መርከብ የሚያውቅ ማን ነው?»

«ካፒቴኑ ነዋ!» አሉ ሾፌሮቹ ባንድ አፍ።

«ካፒቴኑማ ከሰል አንድዶ መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው ነው። እንኳን ካፒቴን፣ እንደኔ ሲያስመልስ የከረመ ወታደር እንኳ አያደርገውም።»

ጥሩወርቅ የሰማችውን ነገር ጆሮዋ እምቢ አለው።

ይርጋ እየተዝናና ወደ ደወሉ ሄደ። ገመዱን ያዘ። ሳይታሰብ በኃይል ይመታው ጀመር፤ ቃቃቃቃቃቃ! ያለ ፋታ! ሕፃን አለቀሰ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ደወሉን አየ።

አንድ ሰው ብቻ አላየም። አያሌው ከተቀመጠበት ተፈናጥሮ ቆሞ ሁለቱ እጆቹ ደረቱ ላይ ናቸው። የሌለ ገመድ እያሠሩ ነበር።

ይርጋ ደወሉን ተወ። «መርከብ ሲሰጥም እንዲህ ነው የሚደወል» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ሲደወል የሚንሳፈፈውን ኮት ደረትህ ላይ ታሥራለህ። ማለማመዳቸው! ከእንቅልፌ እየቀሰቀሱ ስንቴ እንዳሠሩኝ። መርከብ ስታዘነብል ደግሞ ሳህን እንዳይንሸራተት አሳላፊዎቹ የጠረጴዛውን ልብስ ውሃ ያርሱታል። አያሌው፣ ቆቦ አታዘነብልም እኮ።»

አያሌው እጆቹን አያቸው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ታሂር» አለ ይርጋ፣ «አሁን ዝም ካልክ ወንድምህ ወንዝ ዳር ይቀበራል።»

ታሂር ፊቱን በመዳፉ አበሰ። «አላህ ይቅር ይበለኝ። ካሳ መርከብ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አሰብ ወደብ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ሬጂና ላይ የነበረ... እሱ ነው» ወደ አያሌው በአገጩ ጠቆመ። «ታሞ ወደቡ ላይ ወርዶ ካሳ አስታመመው። ማታ ማታ ታሪኩን ይነግረው ነበር። ካሳ ዕቃዋን ገዝቶ መጣ፤ ታሪኩን ግን ሳይገዛ ወሰደው። ደግሞ እወደው ነበር፣ ምን ላድርግ!»

«የኔን ማዕበል!» አያሌው ጮኸ። ያ ዝምተኛው! «አገሬ ስገባ ሾፌሩ የኔን ማዕበል ነገረኝ! ከማዕበል ያወጣኋትን ሕፃን፣ ቁስለኛውን፣ ሁሉን! 'ካፒቴን ካሳ ያደረገው ነው' አለኝ። እኔ ነኝ ብል ሳቁብኝ። አያ ካሳ 'ዝም በልና እንጀራህን ብላ' ብሎ ሳህን አሸከመኝ። ማታ ማታ ወጥ እያቀረብኩ የራሴን ዕድሜ ከሰው አፍ ስሰማ! ሚስት ቢወስድብኝ እሺ፤ ያለፈ ዕድሜዬን ወስዶ እኔ በምን ልኑር?»

«ስለዚህ ገደልከው።»

«አልገደልኩትም!» ዓይኑ ያበራ ነበር። «ቧንቧውን ዘጋሁ። በቃ። መርከበኛ ቢሆን ራሱ ከበድ ሲለው ምን እንደሆነ አውቆ መስኮቱን ይከፍት ነበር። መስኮቱ እኮ ከራሱ በላይ ነው፣ እጁን ቢዘረጋ! የሬጂና ሰው የሆነ ሁሉ ይድን ነበር። ውሸቱ ነው የገደለው።»

«እንደማያውቅ ግን ታውቅ ነበር» አለ ይርጋ።

ቄስ ወልደ ሚካኤል መስቀላቸውን አወጡ። «የተገደለ ነው» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን ትቀበለዋለች። በሉ አንሱት፣ ሳይመሽ።»

ጥሩወርቅ ስታለቅስ አጠገቧ ሌላም ሴት ታለቅስ ነበር። ዞር ስትል ማሚቴ ናት። «ጆንያ ተሸካሚ!» ትላለች እየተንሰቀሰቀች። «ለጆንያ ተሸካሚ ነው ያረጀሁት!» ጥሩወርቅ ልትስቅ ሁሉ ምንም አልቀራት። ክንዷን ያዘቻት፤ ከሬሳው ኋላ አብረው ሊሄዱ ተነሱ።

አያሌውን እጁን አሥረው ሲወስዱት በሩ ላይ ቆሞ ጠራት።

«እትዬ ጥሩወርቅ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ አይባልም። አንድ ነገር ብቻ። ሾፌሮቹ ስለ ሬጂና ሲጠይቁሽ፣ ታሪኩን በባለቤቱ ስም ንገሪ። ይሰቅሉኛል። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀኝ እሱ ታሪክ ብቻ ነው።»

ጥሩወርቅ የማሚቴን ክንድ እንደያዘች ከሬሳው ኋላ ሄደች።

አሁን ስሙኝማ። በሰልስቱ ማግስት ከአስመራ የመጡ፣ ምንም ያልሰሙ ሾፌሮች ገቡ። ጥሩወርቅ በጥቁር ልብሷ ደወሉን መታችው፤ ቀስ ብላ፣ ለእራት። ስታስተናግድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን የቀናችባትን ነጭ መርከብ አልጠላቻትም። ሬጂናም ሁለት ወንዶች የተጣሉባት፣ እንደ እሷ ምስኪን ናት፤ ተቆራርጣ እንኳ ዕረፍት ያጣች።

አንዱ ወጣት ሾፌር እንጀራውን ጠቅልሎ፣ «እትዬ፣ እስቲ ያቺን የማዕበሏን ንገሪን። ሕፃኗን ከማዕበል ያወጣው ማን ነበር ስሙ?» አላት።

የካሳን ስም ብትጠራ ባሏ ፍታት እንዳገኘ በክብሩ ይተኛል፤ ግን ውሸት ነው። የአያሌውን ስም ብትጠራ እውነት ነው፤ ግን የባሏ ገዳይ በእሷ አፍ ጀግና ይሆናል፣ በእሷ ቤት፣ በእሷ እንጀራ ላይ! ሾፌሮቹ መጉረስ አቁመው ይጠብቃሉ። ጥሩወርቅ አፏን ከፈተች።

እናንተ ብትሆኑ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?